ጥርሴን በእግሬ ያዳንኩበት ቀን

ሰው ስለ ጥርሱ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ሕመሙ ነው። እኔ ስለ ሕመሙ አላሰለቻችሁም፤ አመመኝ፣ አለቀ። የማወራችሁ እንዴት አድርጌ አልሰጥም እንዳልኩ ነው። ከአፌ ተነቅላ፣ ውጭ ተጠግና፣ ተመልሳ ቦታዋ ላይ የተተከለች አንዲት ጥርስ ነበረችኝ። ይህን ስናገር "እትዬ አስካለ ደግሞ ጀመራቸው" የሚሉ አሉ። ይበሉ። በዓይናቸው ያዩት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ እኔ ግን አለሁ፣ አፌም አለ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። መቱ ገና ትንሽ ናት፤ ሹሙም መሥሪያ ቤቱም ጎሬ ነው፤ እኛ ጉዳይ ሲኖረን ወደ ጎሬ እንወጣለን። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በየሱቁ በረንዳ መኪና ዘርግተው የሚሰፉት ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ሴት እኔ ብቻ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለእኔ አስተማረኝ፤ ሲሞት መኪናዋም ለእኔ ሆነች። እግሬ መርገጫው ላይ ያደገ ነው ብል ዋሸች አትበሉኝ።

ያገባሁት ሰው ደምሴ ይባላል። ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ነው። ሲጫወት ደስ ይላል፤ እኔንም የወሰደኝ በጨዋታው ነው። ሲያገባኝ መኪናዋን ያውቃል፤ በረንዳውንም ያውቃል። ካገባኝ በኋላ ግን ወንድ መሃል መቀመጤ ክብሩን ነካው። "ቤት ውስጥ ሆነሽ ስፊ" አለኝ። ቤታችን መስኮት የላትም፤ በዚያ ጨለማ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማን ያስገባል? አልሰማሁትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአንድ ፖሊስ የኮት ልክ ስወስድ መጣና "ተነሺ" አለኝ። "ልክ እየወሰድኩ ነው፣ ልጨርስ" አልኩት። የጨርቅ መለኪያ እንጨቴን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ አፌን መታኝ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ እያየ።

ጥርሷ ያን ቀን አልወለቀችም። ከላይ ከፊት፣ በግራ በኩል ያለችው ናት። ተነቃነቀች፣ ደማች፣ ከዚያ ጸናች። እኔ ግን አልጸናሁለትም። መሸት ሳይል መኪናዬን በተሸካሚ አስይዤ እትዬ ዘነበች ጓሮ ገባሁ። እትዬ ዘነበች አረቄ አውጥተው የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አፋቸው ኃይለኛ ልባቸው ገር የሆነ ሴት ናቸው። "ክፍሏ ታፈሳለች" አሉኝ። "ታፍስ" አልኳቸው።

ዓመት ሳይሞላ ጥርሷ ጠቆረች። ከበላይዋ ድዴ ላይ ትንሽ ብጉር ወጣችና መግል ታወጣ ጀመር፤ በየወሩ ፊቴን ታሳብጠዋለች። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ደምሴ ጠጅ ቤት ተቀምጦ "ባትመለስም ማኅተሜ አፏ ላይ ነው፤ በሳቀች ቁጥር እኔን ታሳያለች" ማለቱን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስስቅ አፌን በነጠላዬ ጫፍ መሸፈን ጀመርኩ። እንዲያ ማድረጌ ከምቱ በላይ አንገበገበኝ።

ሽማግሌዎች ተላኩብኝ። ፊታቸው ኦቦ ዳባ ናቸው፤ በከተማው የተከበሩ፣ ነገር የሚያበርዱ ሰው። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ፣ "ደምሴ አጥፍቷል፣ አምኗል። ካሣም አምጥቷል። አንድ የሚዞር የጥርስ ሐኪም ሰሞኑን ጎሬ ይገባል። ጥቁሯን ያውጣልሽ፤ በቦታዋ ደምሴ የወርቅ ጥርስ ያሠራልሻል። እሑድ እኔ ግቢ እንገናኝና ትታረቃላችሁ።"

የወርቅ ጥርስ በዚያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። የትልልቅ ሰዎች ሚስቶች ናቸው ያላቸው። እትዬ ዘነበች ሳይቀሩ "በይ እንግዲህ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግሽ?" አሉኝ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ጥቁሯ የሱ ማኅተም ከሆነች፣ ወርቋ የሚያብረቀርቅ ማኅተም ልትሆን ነው። አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ባሏ ያሠራላት" ሊባል ነው። አስነቅዬ ባዶውን ብተወው ደግሞ ክፍተቱም የሱ ነው። ለእኔ የቀረችኝ መንገድ አንዲት ናት፤ ጥርሷ መዳን አለባት። እንዴት እንደምትድን ግን አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት እኔና እትዬ ዘነበች ቡና በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጣሊያን ጭነት መኪና ላይ ወጣን። እትዬ አንድ ጠርሙስ አረቄ በጉያቸው ይዘዋል። "ሲነቀል ትጉመጠመጪበታለሽ፣ ለቁስል ከዚህ የሚሻል የለም" አሉኝ። ዝናብ ስለነበረ መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ወንዶቹ ወርደው ገፉ። ጎሬ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል።

ሐኪሙ ግሪክ ነው፣ ሙሴ ያኒ ይሉታል። ዕቃውን በጭነት መኪና ጭኖ በዓመት አንዴ በየከተማው የሚዞር፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው። ከአንድ ነጋዴ መደብር ጀርባ አንዲት ክፍል ይዟል። አማርኛ ይናገራል፤ ነገር ግን ሴትም ወንድም ለሱ "አንተ" ነው።

"አስካለ አንተ ነህ?" አለኝ። "ባልህ መልእክት ልኳል። ጥቁሩን ማውጣት፣ የወርቅ ልክ መውሰድ።"

"ባል የለኝም፣ ሙሴ" አልኩት። "ጥርስ ግን አለኝ። እሷን ያድኑልኝ።"

ሳቀ። ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በትንሽ መስተዋት አየኝ፣ በብረት ቀጠቀጠ፣ ብጉሯን ተጫናት። ቀጭን መርፌ አምጥቶ ከጥርሷ ጀርባ ፈልፍሎ ለመግባት ብዙ ሞከረ። መርፌው እየጎበጠ ወጣ።

"አይሆንም" አለ። "መግሉ ያለው ከታች ነው፣ ከሥሩ ጫፍ። መንገዱ ተዘግቷል። በዚህ በኩል መርፌዬ አይደርስም። መንቀል ነው።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

የጎበጠውን መርፌ እያቃና ጥርሴን ዞሮ አየ። አስተያየቱ "አለ" የሚል ሆነብኝ። "ሙሴ፣ ካለ ይንገሩኝ እንጂ" አልኩት።

"አንድ አለ። ግን እብደት ነው" አለ። "ጥርሱን ሳልሰብር አወጣለሁ። በእጄ ይዤ የታመመውን የሥር ጫፍ እቆርጣለሁ፣ እሰረስራለሁ፣ እደፍናለሁ። ከዚያ ቦታው እመልሳለሁ። አስተማሪዬ ሲሠራ አይቻለሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። አንዱ ያዘ። አንዱ ወደቀ።"

እትዬ ዘነበች አማተቡ። "የተነቀለ ጥርስ ችግኝ ነው እንዴ የሚተከለው? ተነሺ እንሂድ" አሉኝ።

"ይሥሩልኝ" አልኩት።

"አልችልም" አለ። ጥግ ላይ የቆመውን መሰርሰሪያ አሳየኝ። በእግር የሚረገጥ ነው፤ ከታች መርገጫ፣ ከጎኑ ትልቅ የብረት መንኮራኩር፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ መሰርሰሪያ ብረቱን የሚያዞር ቺንጋ። "ረዳቴ በደሌ ላይ ወባ ይዞት ቀረ። አፍ ውስጥ ስሠራ ራሴ እረግጣለሁ። ትንሽ ጥርስ በጣት ይዞ መርገጥ ግን አይቻልም። ሰውነት ይወዛወዛል፣ ጥርሱ ይሰበራል። ደግሞ ጊዜ የለም። ጥርስ ውጭ ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ አይያዝም።"

"ረዳትዎ ሥራው ምንድን ነው?"

"ይረግጣል። ሳያፈጥን፣ ሳያዘገይ።"

"እኔስ ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳ ላይ ምን የምሠራ ይመስልዎታል?"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መነጽሩን አወለቀ። "አንተ በሽተኛው ነህ" አለኝ።

"ጥርሴ በእርስዎ እጅ ይሆናል፤ እግሬ ግን ሥራ ፈት ነው" አልኩት።

እትዬ ዘነበች በመቱ ቋንቋ ሁሉ፣ በአማርኛም በኦሮሞኛም ሰደቡኝ። ሙሴ ያኒ አልተሳደበም። ሄዶ መሰርሰሪያውን እየጎተተ ከወንበሩ አጠገብ አመጣና "ርገጥ፣ ልይህ" አለኝ። ረገጥኩ። መንኮራኩሩ ከመኪናዬ ይከብዳል፤ ግን ያው ነው፤ ተረከዝ ይጀምራል፣ ጣት ይጨርሳል። ለስስ ጨርቅ የምረግጠውን ያህል ቀስ አድርጌ ሳላቋርጥ ረገጥኩለት። የብረቱን ጫፍ በጣቱ ነክቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ማደንዘዣውን መርፌ ሊያዘጋጅ ሄደ።

አሁን ነው ፍርሃት የያዘኝ። እስክትነቀል ድረስ ጥርሷ ጥቁርም ትሁን የታመመች የእኔ ናት። ሲያወጣት ብትሰበር አለቀ፤ ደምሴ ያለው ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ እኔው ነኝ በገዛ አፌ "ይሥሩልኝ" ያልኩት።

ሙሴ ያኒ ጉጠቱን አስገባ። እንደ ገበያ ጥርስ ነቃይ አልጎተተም። ያዘ፣ ወደ ቀኝ በቀስታ፣ ወደ ግራ በቀስታ፣ ቆመ፤ እንደገና። ግንባሩ አላበው። እኔ ሕመም የለኝም፤ አጥንቴ ውስጥ ግን ድምፁ ይሰማኛል። አንዴ ቀጭ አለ። "ተሰበረች" ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ሙሉ ነው" አለ።

ዓይኔን ስገልጥ ጥርሴ በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ተይዛ ፊት ለፊቴ ነበረች። እንዲህ ረጅም መሆኗን አላውቅም ነበር። ከጫፏ እንደ ስንዴ ፍሬ የምታህል ከረጢት ተንጠልጥላለች። ያ ነው ዓመት ሙሉ ያሠቃየኝ። አፌ ላይ ጥጥና ጨርቅ ጠቀጠቀና አስነከሰኝ። ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና "ርገጥ" አለኝ።

ረገጥኩ። ደም በጉሮሮዬ ይወርዳል፣ እንባዬ ሳላለቅስ ይወርዳል፣ እግሬ ግን ሥራውን ያውቃል። ሙሴ ያኒ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ከረጢቷን ገፈፈ፣ የሥሩን ጫፍ በመሰርሰሪያው ቆረጠ፤ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። የራሴን አጥንት እያሸተትኩ የራሴን መሰርሰሪያ እረግጣለሁ። በመሃል መሃል ጥርሷን የጨው ውሃ ውስጥ ይነክራታል። ከጫፉ ቀዳዳ ሊያበጅ ብረቱን ለወጠ። "አሁን ቀስ" አለኝ። ቀስ አልኩ።

ያኔ እግሬ ቀለለኝ። መርገጫው ይሄዳል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ብረቱ ግን ቆሟል። ቺንጋው ተንሸራቷል። ሙሴ ያኒ በግሪክኛ የሆነ ነገር አለ፤ ጸሎት አይመስለኝም። ጥርሷን በራሰው ጨርቅ ላይ አኑሮ ጎንበስ ብሎ ቺንጋውን መለሰው። ረገጥኩ። እንደገና ተንሸራተተ። ዝናቡ አርሶት ኖሮ ሙልጭልጭ ብሏል። ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት ደቂቃ ሄዷል።

ይህ በሽታ የእኔ በሽታ ነው። በክረምት የመኪናዬ ቺንጋ በየሳምንቱ እንዲህ ያደርገኛል። ኪሴ ውስጥ ክር የማሽበት ሰም አለ፣ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። አውጥቼ ለሙሴ ያኒ ሰጠሁትና በቀሚሴ ጫፍ ቺንጋውን አድርቄ በእጄ ምልክት አሳየሁት፤ ከውስጥ በኩል ይቅቡት ማለቴ ነው። ገባው። ተንበርክኮ መቀባት ጀመረ።

ቀና ስል እትዬ ዘነበች ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል። የአረቄው ቡሽ ተከፍቷል። ጠርሙሱን ጥርሴ ላይ አዘንብለውታል። "ሜዳ ላይ ተጥላ ትመርቅዝ እንዴ? ጠብ ላድርግባት" ይላሉ። ሴትዮዋ ክፋት የለባቸውም፤ ቁስል በአረቄ ሲታጠብ ነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት፤ መቱ ላይ ያላጠቡት እግርና እጅ የለም። ሙሴ ያኒ ግን አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ከጨው ውሃ በቀር የሥሯን ቆዳ የነካ ነገር ሁሉ ይገድላታል። እሱ ጎንበስ ብሏል፣ አያይም። እኔ አፌ ተጠቅጥቋል፤ ብጮህ ጨርቁ ይወድቃል፣ ደሙ ይሞላዋል።

ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ። ታገሉኝ፤ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጠርሙሱ ተገለበጠና አረቄው በሙሉ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሙሴ ያኒ ቀና ብሎ አየና ገረጣ። "ነካው? ጥርሱን ነካው?" አለ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልነካውም። እትዬ ዘነበች "እጄን ሰበርሽው፣ አንቺ ጉድ" እያሉ ጥግ ሄደው ተቀመጡ።

ሙሴ ያኒ ሰዓቱን አየ። እኔ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ረገጥኩ። ቺንጋው ያዘ። አረቄ አረቄ እየሸተትኩ፣ ደሜን እየዋጥኩ፣ ለሐር ጨርቅ እንደምረግጠው ረገጥኩ። ቀዳዳዋን ጨረሰ፣ ከብር ጋር የተለወሰ ነገር ጠቀጠቀባት፣ አጠባት። "በቃ፣ እግር አቁም" አለኝ። ሥራ ላይ እግሬን እንዳቆም ታዝዤ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጨርቁን ከአፌ አውጥቶ ቦታዋን አጠበና ጥርሷን በአውራ ጣቱ ገፋ። ገባች። እንደወጣች አልገባችም፤ ትንሽ ቀረት አለች፣ ከዚያ በዝግታ ሰጠመችና ጎረቤቶቿ ጎን ቆመች። በቀጭን ሽቦ ከቀኝና ከግራዋ ጋር አሰራት። "አሥራ አራት ደቂቃ" አለ ሰዓቱን ወደ ኪሱ እየመለሰ። ከዚያ ትእዛዙን ቆጠረልኝ፤ ሦስት ሳምንት አጥሚትና ሾርባ ብቻ፣ በምላስ አለመነካካት፣ ብዙ አለመናገር። "ክር ደግሞ በዚህ ጥርስ እንዳትበጥስ። መቀስ የለህም?" አለኝ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ከዚያ በኋላ አልረሳም።

እሑድ ኦቦ ዳባ ግቢ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ደምሴ ነጭ ለብሶ መጥቷል። ሰው ሁሉ የሚያየው አፌን ነው፤ ወርቅ ይፈልጋሉ።

"ኢንታላ ኮ፣ እስቲ አሳዪን" አሉ ኦቦ ዳባ።

ፊቴ እንዳበጠ ነው፣ መናገርም ተከልክያለሁ። ከንፈሬን በጣቴ ወደ ላይ ገልጬ አሳየኋቸው። ሽቦውን አዩ፣ ጥቁሯን አዩ።

"ይቺው ናት እንዴ?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

"ይቺው ናት" አልኩ በጥርሴ መሃል። "ወጥታ ነበር፤ ራሴ መልሼ አስተከልኳት። ካሣውን አልፈልግም። እርቁንም አልፈልግም።"

ደምሴ ሳቀ። "ከተነቀለች ወዲያ ምን ልትይዝ? በሳምንቷ አጥሚት ውስጥ ትዋጣታለች" አለ።

ኦቦ ዳባ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝና ወደሱ ዞሩ። "ደምሴ፣ ወርቅህን ይዘህ ግባ" አሉት። "ይህቺ ልጅ ካንተ የምትፈልገው ነገር የለም።"

ሳምንቷ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ደምሴ በበረንዳዬ በኩል በየቀኑ ያልፍ ነበር፤ አፌን አይቶ ሊስቅ። ሙሴ ያኒ ከጎሬ ሲመለስ መቱ ላይ አረፈና ሽቦውን ቆረጠልኝ። በጣቱ ያዛትና ነቀነቃት። ወንበሩ ተነቃነቀ፣ እኔ ተነቃነቅኩ፣ እሷ ወይ ፍንክች። ብጉሯም ደርቃለች። ያን ጊዜ ሙሴ ያኒ አንድ ነገር አለኝ፤ "ረዳቴን ላባርር፣ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?" የራሴ መኪና አለኝ ብዬ መለስኩለት። ደምሴ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኖፓ ሄዶ ሌላ አገባ አሉ። እሷን እግዜር ይርዳት።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምትሰሙ፣ "ለአንዲት ጥቁር ጥርስ ይህን ያህል?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ጉዳት ሲያደርስባችሁ አንዴ ነው የሚጎዳችሁ፤ ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ጉዳቱን የማስተካከሉን ሥራ ለእሱው ስትሰጡት ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። እትዬ ዘነበችም ክፉ አልነበሩም፤ አረቄ ሊያፈሱ የነበረው ሲወዱኝ ነው። ሁሉም ግን ለእኔ ይበጃል ያሉትን ሲያመጡ አንዳቸውም "ምን ትፈልጊያለሽ?" ብሎ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ የለምና እኔው ነገርኳቸው፣ አፌ በጨርቅ ተጠቅጥቆም ቢሆን።

ጥርሷ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረችልኝ። በመጨረሻ ሥሯ አልቆ ኖሮ አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የበቆሎ እሸት ስግጥ ያለ ሕመም እጄ ላይ ወደቀች። ያኔ ሦስት ሴቶች ስፌት አስተምር ነበር፤ መኪናቸውን አቁመው ደነገጡ። ማንም እጁን አላነሳብኝም፣ ማንም አልጎተታትም፤ በጊዜዋ በራሷ ወረደች። ጓሮ ሄድኩና የአርባ ዓመት ሴትዮ ሆኜ ሳለሁ፣ ልጆች የወተት ጥርሳቸውን እንደሚያደርጉት፣ ራሴ ሰፍቼ ባገኘሁት ብር ባሠራሁት የቤቴ ቆርቆሮ ላይ ወረወርኳት። ስትንከባለል ድምጿን ሰማሁ። ተከትለውኝ የመጡት ሴቶች ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበረች፣ አፌን አልሸፈንኩም።